ምድጃው የጠፋበት ጣሪያ

የዛሬው ርእሴ ጭድ፣ ሣርና ቀርከሃ ነው። ርእሱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከመካከላችን በጭቃ ቤት ያልተወለደ ወይም አያቱ በሣር ቤት ያልኖረ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ራሳችን ቤት ነው።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት በእጄ ይዤ የመጣሁትን ላሳያችሁ። ሁለት ጭብጥ ሰንበሌጥ ነው። ሁለቱም ከሰሜን ሸዋ፣ ከአንድ ግቢ፣ ጎን ለጎን ከቆሙ ሁለት ጎጆዎች ጣሪያ የተመዘዙ ናቸው። ጎጆዎቹን በአንድ በጋ የከደናቸው አንድ ሰው ነው፤ ሣሩም የታጨደው ከአንድ መስክ ነው። ይህ በቀኝ እጄ ያለው ጥቁር ነው፤ ጥቀርሻ ጠጥቶ እንደ ተወለወለ ቆዳ ያብለጨልጫል። ስስበው አይበጠስም፣ ሳጥፈው አይሰበርም፤ የጭስ ሽታው ዛሬም አለቀቀውም። ይህ በግራ እጄ ያለው ግን ግራጫ ነው። በጣቴ ሳሸው ይደቅቃል፤ ከበታቹ ነጭ የሻጋታ ድር ይታያል። ጥቁሩ የተመዘዘው ዕለት ዕለት እሳት ከሚነድበት ማድቤት ነው። ግራጫው የተመዘዘው ባለቤቶቹ ምድጃውን ካወጡለት መኝታ ቤት ነው።

የዛሬው ዓላማዬ የእነዚህን የሁለት ጭብጥ ሣር ልዩነት ማስረዳት ነው። ሙቀት ከዕፅዋት በሚገኝ የግንባታ ዕቃ ዕድሜ ላይ ምን ያደርጋል? መልሱን በሦስት ክፍል አቀርበዋለሁ። በመጀመሪያ ሙቀት ብቻውን፣ ያለ ውሃ፣ ምን እንደሚያደርግና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ግን ጠባዩ እንዴት እንደሚለወጥ አያለሁ። ቀጥሎ የቀንና የሌሊት ሙቀት መለዋወጥ በጣሪያችን ሥር የሚሠራውን ሥራ እናገራለሁ። በሦስተኛ ደረጃ ጭድንና ቃጫን ከሲሚንቶ ጋር ስናጋባቸው ሙቀቱ የሚያመጣውን መዘዝ አሳያለሁ። በመጨረሻም ምን ብናደርግ እንደሚሻል የማምንበትን እናገራለሁ።

አስቀድሜ አንድ ቃል ላስተካክል። ዛሬ ቃጫ ስል የእንሰቱን ቃጫ ብቻ ማለቴ አይደለም። በጤፍ ጭድ፣ በሰንበሌጥ፣ በቀርከሃ፣ በልጥ፣ በሰሌንም ውስጥ ያለውን ረጅምና ብርቱ ክር ሁሉ በዚሁ ስም እጠራዋለሁ። ይህ ክር በአጉሊ መነጽር ሲታይ ራሱ እንደ ጭቃ ቤት ግድግዳ ነው። ሴሉሎስ የሚባለው ማገሩ ነው፤ ጉልበቱን የሚሸከመው እርሱ ነው። ሄሚሴሉሎስ የሚባለው ማገሩን ከማገሩ ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ ነው። ሊግኒን የሚባለው ደግሞ በመካከል ገብቶ ሁሉንም የሚያጣብቀው ምርጊት ነው። የግድግዳችን አሠራር በአንዲት የጭድ ዘለላ ውስጥ አስቀድሞ አለ። አንድ ግድግዳ ማገሩ ሲነቅዝ፣ ማሰሪያው ሲበጠስ ወይም ምርጊቱ ሲረግፍ እንደሚፈርስ ሁሉ ቃጫም የሚፈርሰው ከእነዚህ በአንዱ በኩል ነው። ይህን ምሳሌ ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ክፍል ልግባ። ብዙ ሰው የቃጫ ጠላት ሙቀት ራሱ ይመስለዋል። ልኬቱ ግን እንዲህ አይልም። ደረቅ ቃጫ ሲሞቅ መጀመሪያ የሚያደርገው በውስጡ ያለውን ውሃ መልቀቅ ነው። ማሰሪያው፣ ማለትም ሄሚሴሉሎሱ፣ በፍጥነት መፍረስ የሚጀምረው ሙቀቱ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ሲያልፍ ነው። ማገሩ ሴሉሎስ ደግሞ እስከ 300 ዲግሪ አካባቢ ይታገሳል። ቀትር ላይ እጅ የሚያቃጥል ቆርቆሮ እንኳ 100 ዲግሪ አይደርስም። በቆላም ሆነ በደጋ የፀሐይ ሙቀት ብቻውን ደረቅ ጭድን በጥቂት ዓመት አያፈርስም። ፀሐይ የምትጎዳው በጨረሯ ነው፤ ሊግኒኑን ከላይ ከላይ እየፋቀች ሣሩን ታገረጣዋለች፤ ይህም ጉዳት ከላይኛው ሽፋን ብዙ አያልፍም።

ለዚህ ከግብፅ የተሻለ ምስክር የለም። ግብፅ ሞቃት አገር ናት። በዚያ የጥንት ሰዎች በጭቃና በጭድ የሠሯቸው ጡቦች ሺህ ዓመታትን አልፈው ዛሬም ይገኛሉ። ተመራማሪዎች ጡቡን ሲፈቱት ጭዱን ከጭቃው ለይተው የምን እህል ጭድ እንደ ነበረ እስከ መናገር ይደርሳሉ። ሙቀት ብቻውን ጭድን የሚበላ ቢሆን ኖሮ ያ ጭድ ገና ፈርዖኖቹ ሳያልፉ ባለቀ ነበር። ጭዱን ያቆየው ድርቀቱ ነው።

እንግዲህ ሙቀት ጠላት ካልሆነ ለምን በቆላና በወይና ደጋ ያለ የሣር ክዳን ቶሎ ያልቃል? መልሱን ከእናቶቻችን ቡሃቃ እናገኘዋለን። የጤፍ ዱቄት በጆንያ ታስሮ ድሬዳዋ ላይ ዓመት ቢቀመጥ አይቦካም። ውሃ ሲነካው ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ድሬዳዋ የተቦካ ሊጥ ቶሎ ኩፍ ይላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ግን በነሐሴ ብርድ ቡሃቃው በጋቢ ካልተሸፈነ ቀኑ ይረዝማል። የመቡካቱን በር የሚከፍተው ውሃ ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ሙቀት ነው። የቃጫም ነገር ይኸው ነው።

ቃጫን የሚያበሰብሱት ፈንገሶች ሕይወት ያላቸው ናቸው። ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይፈነጫሉ፤ ወደ 5 ዲግሪ ሲወርድ እንቅስቃሴያቸው ሊቆም ይቃረባል፤ ከ40 ዲግሪ በላይ ደግሞ አብዛኞቹ አይሠሩም። ሰው የሚመቸው ሙቀት ለእነርሱም ይመቻል። ነገር ግን ያለ ውሃ ምንም አያደርጉም። በእንጨትና በቀርከሃ ውስጥ ያለው ውሃ ከደረቁ ክብደት 20 በመቶ በታች ሆኖ ከቆየ መበስበስ አይጀምርም። ከ30 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ግን ነፃ ውሃ በቃጫው ክፍተት መጠራቀም ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ፈንገሱ ድግስ እንደ ተጠራ እንግዳ ይገባል። አንዱ ዓይነት ፈንገስ ማገሩን ይበላል፤ ሌላው ምርጊቱን ሳይቀር ይጨርሳል።

ይህንን በአገራችን ከፍታ ላይ አስቀምጣችሁ እዩት። ወደ ላይ 1000 ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ በ6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀዘቅዛል። ዶርዜዎች የሚኖሩበት የጨንቻ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ነው፤ ከሥሩ ያለችው አርባ ምንጭ ደግሞ 1300 ሜትር ገደማ። በሁለቱ መካከል የ9 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይኖራል ማለት ነው። በአንድ የእርጥበት መጠን ላይ ያለ ቀርከሃ በደጋው በቀስታ የሚያረጀውን በቆላው ተቻኩሎ ያረጃል። የዶርዜን ቤት ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ በቀርከሃ ተጠልፎ እንደ ዝሆን ግንባር ቀጥ ብሎ የሚነሣ፣ አዲስ ሲሠራ እስከ 12 ሜትር የሚደርስ ቤት ነው። ምስጥና እርጥበት እግሩን ሲበሉት ባለቤቶቹ የተበላውን ከታች ይቆርጡለታል፤ ቤቱም ዓመት በዓመት እያጠረ ለአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ያገለግላል። የዶርዜ አባቶች ቤቱ ከየት በኩል እንደሚሞት አውቀው ለዚያው ለሚሞተው ክፍል አስቀድመው ቁመት ሰጥተውታል። ከዚህ የበለጠ የምሕንድስና ጥበብ ብዙ አላየሁም።

ምስጥንም በዚሁ ልጥቀሰው። ነፍሳት የገላቸው ሙቀት ከአካባቢያቸው ሙቀት ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። አካባቢው ሲሞቅ ይበረታሉ፤ ሲቀዘቅዝ ይደክማሉ። በምዕራብ ወለጋ ምስጥ እርሻውንም ቤቱንም የሚያስመርር ችግር ነው፤ በመንዝ ከፍታ ግን እንዲህ ያለ ሮሮ አይሰማም። በመንዝ ከ3200 ሜትር በላይ የሚበቅለው ጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ለዘመናት ያገለገለውና የአካባቢው ሕዝብ በሥርዓት እየዘጋ እየከፈተ የጠበቀው በከንቱ አይደለም። ሣሩ ራሱ ብርቱ ነው፤ የተከደነበትም አገር ብርድ ያግዘዋል።

ሙቀትና ውሃ ሲገናኙ ሁልጊዜ ክፉ ነው እንዳትሉኝ ደግሞ አንድ መልካም ሥራቸውን ልናገር። ጭቃ እናቦካለን እንላለን፤ ቃሉ የሊጡ ቃል ነው፤ በአጋጣሚም አይደለም። ጭድ ተጨምሮበት ቀናት ያደረ ጭቃ በእርግጥም ይቦካል። ጭዱ በከፊል ይለሰልሳል፤ ከእርሱ የሚወጣው ሙጫ መሰል ነገር አፈሩን ያያይዘዋል። ስለዚህ ቆይቶ የተመረገ ጭቃ ከዕለት ጭቃ ያነሰ ይሰነጠቃል፤ ዝናብንም ይበልጥ ይችላል። ብርድ ባለበት ወቅት ጭቃው ረዘም ላለ ጊዜ እንዲያድር የሚደረገው ሊጥ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲያድር በሚደረግበት ምክንያት ነው። ከተመረገ በኋላ ግን መድረቅ አለበት። የቦካው ሊጥ ካልተጋገረ እንደሚበላሽ ሁሉ የቦካው ጭቃም ካልደረቀ ጭዱን ይበላዋል።

ወደ ሁለተኛው ክፍል ላልፍ ነው፤ በእኔ እምነት የዛሬው ንግግር ልቡ እዚህ ላይ ነው። እስካሁን ስለ ሙቀት መጠን ስናገር ቆይቻለሁ። ጣሪያን ይበልጥ የሚጎዳው ግን የሙቀት መለዋወጥ ነው። ምክንያቱ አየር ነው። የሞቀ አየር ብዙ ውሃ በተን መልክ ይሸከማል፤ የቀዘቀዘ አየር ጥቂት። በ22 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 19 ግራም ገደማ ውሃ ይይዛል። ያው አየር ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ግን ከ9 ግራም ገደማ በላይ መያዝ አይችልም። ማታ ላይ በግማሽ ብቻ የሞላ አየር ሌሊቱ ሲበርድ አፉ ድረስ ይሞላል፤ ከዚያ የሚተርፈውን በቀዝቃዛ ነገር ላይ ያፈሰዋል። ጤዛ የምንለው ይኸው ነው። ዝናብ ሳይዘንብ፣ ጣሪያ ሳያፈስ ቤት ውስጥ ውሃ የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነው።

አሁን በቆርቆሮ የተከደነ የአዲስ አበባ ጭቃ ቤትን በኅዳር ሌሊት አስቡት። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከውጭው አየር እንኳ በታች ይቀዘቅዛል። በውስጥ አምስት ሰው ተኝቷል። አንድ ሰው በአንድ ሌሊት በትንፋሹና በላቡ ሩብ ሊትር ገደማ ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል፤ አምስቱ ከአንድ ሊትር በላይ ማለት ነው። ያ ተን ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ይነካል፣ ጠብታ ይሆናል። ጠብታው በቆርቆሮው ሸንተረር ይወርድና የባሕር ዛፉን ወራጅና የግድግዳውን አናት ያርሳል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ቆርቆሮው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይግላል፤ ያረሰውን መልሶ ያደርቃል። ማታ ደግሞ ይደገማል። ቃጫ ውሃ ሲጠጣ በውፍረቱ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በርዝመቱ ግን ብዙም አይለወጥም። ባበጠ ጊዜ ጭቃውን ይገፋል፣ በኮሰሰ ጊዜ ከጭቃው ይላቀቃል። በዓመት ብዙ ሌሊት እንዲህ ሲሆን ጭዱ በጭቃው ውስጥ ሆኖ ጭቃውን መያዝ ያቅተዋል። የእንዲህ ያለ ግድግዳ አናት በእጅ ሲነካ እንደ አሸዋ የሚረግፈው በዚህ ነው። ከቆርቆሮው ሥር የተወጠረው የአቡጀዲ ኮርኒስ ቡናማ ክብ ክብ እያወጣ ሲሄድ ሰው ጣሪያው ያፈሰሰ መስሎት ሚስማር ይመታል። ያፈሰሰው ጣሪያው አይደለም፤ የቤቱ የራሱ ትንፋሽ ነው።

በዚህ አንጻር ምድጃው የነበረበትን የሣር ቤት ተመልከቱ። ወፍራም የሣር ክዳን በውስጡ አየር ስለ ታሰረ ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም፤ የውስጡ ገጽ እንደ ቆርቆሮ ሌሊት አይበርድም፣ ቀን አይግልም። በሐምሌ ጠዋት የውጭው አየር 12 ዲግሪ ይሁን፤ ጭጋግም ስለ ሆነ እርጥበቱ መቶ በመቶ ነው እንበል። ይህ አየር ወደ ቤት ገብቶ እሳቱ 22 ዲግሪ ሲያደርሰው አንዲት ጠብታ ውሃ ሳይቀነስለት አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 55 በመቶ ይወርዳል። የመያዝ አቅሙ ስለ ሰፋ የተጠማ አየር ይሆናል፤ በሣሩ መካከል እየሾለከ ሲወጣ እርጥበቱን ይዞ ይሄዳል። በ55 በመቶ እርጥበት የሚኖር እንጨት በውስጡ የሚቀረው ውሃ 10 በመቶ ገደማ ነው፤ ፈንገስ ከሚፈልገው በግማሽ ያነሰ። አያቶቻችን ቴርሞሜትር አልነበራቸውም፤ ጣሪያቸው ግን ክረምቱን ሙሉ ከውስጥ ደረቅ ነበር።

ጭሱ ደግሞ በሙቀቱ ላይ ሌላ ጥበቃ ጨመረ። የእንጨት ጭስ ሥጋን ከመበላሸት የሚጠብቁ ኬሚካሎች አሉት፤ ጥቀርሻው በሣሩ ላይ ሲለብስ ፈንገሱና ነቀዙ ይጠሉታል። በቀኝ እጄ የያዝኩት ጥቁር ሰንበሌጥ ምስጢር ይህ ነው፦ የማያቋርጥ ለስላሳ ሙቀትና የዓመታት ጭስ።

ይሁንና ይህን ስናገር ጭስን እያሞገስኩ አይደለም። ያ ጭስ የእናቶቻችንን ዓይን ያጠፋ፣ የሕፃናትን ሳንባ የጎዳ ነው። ምድጃውን ከመኝታ ቤት ያወጡ ሰዎች ትክክል ሠርተዋል፤ ማንም መልሱት እንዲላቸው አልፈልግም። የምለው ይህን ነው፦ ምድጃው ሲወጣ አብሮት የወጣ ሠራተኛ አለ። ጣሪያውን ሲያደርቅ፣ ነቀዙን ሲያባርር የኖረ ሠራተኛ ነው። እርሱን አሰናብተን በቦታው ማንንም አልተካንም፤ ከዚያ ሣሩ ሲበሰብስ ሣር ደካማ ነው ብለን ፈረድን። ፍርዱ የተሳሳተ ነው።

ወደ ሦስተኛውና ወደ መጨረሻው ክፍል መጣሁ፤ ስለ ቃጫና ስለ ሲሚንቶ። በ20ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ፣ ለአፍሪካ ርካሽ ጣሪያ ለማግኘት ሲሚንቶን በሲሳል ቃጫ አጠናክሮ የጣሪያ ክዳን የመሥራት ሐሳብ ተስፋፍቶ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ቃጫው በአገር ይበቅላል፣ ሲሚንቶው በጥቂቱ ይበቃል፣ ሥራውም በእጅ ይሠራል። አዲሱ ክዳን ጠንካራ ነበር። ነገር ግን በሞቃት አገር ጥቂት ዓመት ሲቆይ እንደ ገል ተሰባሪ ሆነ። ግራም የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጥናት ምክንያቱን አብራራ። በሲሚንቶ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው ውሃ እጅግ አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ነው፤ የዚህ መለኪያ የሆነው ፒኤች 13 ገደማ ይደርሳል። ይህ ውሃ ሊግኒኑንና ሄሚሴሉሎሱን ያሟሟቸዋል። ወደ ምሳሌያችን ስንመለስ ምርጊቱ ታጠበ፣ ማሰሪያው ተፈታ፤ ማገሮቹ ለየብቻ ቀሩ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሙቀት ገብቶ ጉዳዩን ያከፋዋል። በግምት ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የኬሚካል ሥራ በእጥፍ ይፈጥናል። በቀዝቃዛ አገር ለብዙ ዓመት የሚታገስ የቃጫና የሲሚንቶ ክዳን ፀሐይ ቀን ቀን በምታግለው ጣሪያ ላይ በጥቂት ዓመታት ያረጃል። ዝናብ ባረሰውና ፀሐይ ባሞቀው ቁጥር አልካሊው ውሃ ወደ ቃጫው ልብ ይጠልቃል። መፍትሔውም ከዚሁ ዕውቀት ተገኘ፤ ከሲሚንቶው ከፊሉን በደቃቅ የሲሊካ ዱቄት ወይም በተቃጠለ ሸክላ አፈር ዱቄት በመተካት አልካሊውን መቀነስ ይቻላል። ቃጫውም ዕድሜ ያገኛል።

ጭቃ ግን ይህ ጠባይ የለውም። አብዛኛው የግንባታ አፈር ጭድን የሚያሟሟ አልካሊ የለበትም፤ ይልቁንም እርጥበትን ከጭዱ ስቦ ወደ ራሱ ይወስዳል፣ ከዚያም ለአየር ይሰጣል። ጭቃ ለጭድ እንደ ጥሩ ጎረቤት ነው፤ የራሱን ድርሻ ይሸከምለታል። እንግዲህ የጭቃ ግድግዳን በውጭ በኩል በሲሚንቶ የሚለስኑ ወገኖቼ ይስሙኝ። ልስኑ በሠራችሁት ቀን ያምራል። ነገር ግን ሲሚንቶና ጭቃ ሲሞቁና ሲረጥቡ እኩል አያብጡም፣ እኩል አይኮማተሩም፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የፀጉር ስንጥቅ ይፈጠራል። በስንጥቁ ዝናብ ይገባል፤ የገባው ግን ሲሚንቶው ስለሚዘጋበት በቶሎ አይወጣም። ፀሐይ ግድግዳውን ስታሞቀው ያ እርጥብ ጭድ በቡሃቃ እንደ ተከደነ ሊጥ ይሆናል። ውጭው የደመቀ ግድግዳ ውስጡ ሲበሰብስ የምናየው ለዚህ ነው።

የሣር ነገር ሲነሣ እሳትም መነሣቱ ግድ ነው። የሣር ክዳን ብልጭታ ከነካው ይነድዳል፤ ይህ የማይካድ ድክመቱ ነው። ያው ሣር ወይም ጭድ በጭቃ ሲሸፈን ግን አየር ስለማያገኝ በእሳት ፊት ለረጅም ጊዜ ይቆማል። በፈረንሳይ አገር ሞንታርጂ በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1920 በታሰረ ጭድ የተገነባ ቤት አለ፤ ግድግዳው ተለስኖ፣ ጭዱ ደርቆ መቶ ዓመት አልፎታል። ክረምቱ ብርድ፣ በጋው ሙቀት ያለው አገር ነው። ጭድ በውርጭና በሐሩር መካከል መቶ ዓመት ሊኖር እንደሚችል ሲጠየቅ መልሱ ያ ቤት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ምድጃው የወጣበት የሣር ቤት ካለ ምድጃው ይሠራ የነበረውን ሥራ ለአየርና ለፀሐይ እንስጥ። ከክፈፉ በታችና ከጉልላቱ አጠገብ ነፋስ የሚያልፍበት ቀዳዳ ይተው፤ በበጋ በርና መስኮቱ ቀን ቀን ይከፈት። ቀርከሃው ከመተከሉ በፊት በጥላ ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ በጠራራ ፀሐይ የደረቀ ይሰነጠቃል። በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውሃ ቢነከር ደግሞ ጭሱ ይሰጠው የነበረውን ጥበቃ በሌላ መንገድ ያገኛል። ግድግዳው በድንጋይ መሠረት ላይ ይቁም፤ ክፈፉ ዝናቡን ከግድግዳው አርቆ ይጣል። ቆርቆሮ የሚያስፈልገን ከሆነ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ነፋስ የሚያልፍበት ቦታ ይኑር፤ ኮርኒሱ ክብደቱን የሚችል ከሆነ በላዩ ጭድ የበዛበት ጭቃ ቢደፋ ደግሞ ቤቱ ሌሊት አይበርድም፣ ቀን አይግልም፤ ወደ ቆርቆሮው የሚወጣው ትንፋሽም ይቀንሳል። ልስኑ በጭድና በእበት የተሠራ ጭቃ ይሁን፤ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ማደስ ይጠይቃል፣ ግድግዳውን ግን ያስተነፍሰዋል።

ከመካከላችሁ መሐንዲሶችና ተመራማሪዎች ካላችሁ ለእናንተ የተለየ ቃል አለኝ። እንጨትና ቃጫ በቤተ ሙከራ ሲፈተኑ የተለመደው 20 ዲግሪ ሙቀትና 65 በመቶ እርጥበት ነው። የእኛ ጣሪያ ግን እንዲህ ባለ ረጋ ያለ ክፍል ውስጥ አይኖርም። ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ቀትር ላይ እስከ 60 ዲግሪ ይግላል፣ በሐምሌ ሳምንታት ሙሉ ይረጥባል። የጨንቻን ቀርከሃ በጨንቻ ሙቀት፣ የሰመራን ሰሌን በሰመራ ሙቀት ፈትኑልን። ይህ ካልተደረገ ከሌላ አገር የመጣ ቁጥር የእኛን ዕቃ ዝም ብሎ ደካማ ማሰኘቱን ይቀጥላል።

ሁላችሁንም የምለምናችሁ ቀላል ነገር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል የአገራችን ሰው። በጭቃ ወይም በሣር ቤት የምትኖሩ፣ ወይም እናትና አባታችሁ በእንዲህ ያለ ቤት ያሉ፣ በሚቀጥለው ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ተነሡና መዳፋችሁን የጣሪያው ውስጥ ገጽና የግድግዳው አናት ላይ አሳርፉ። ደረቅ ከሆነ ቤቱ ጤነኛ ነው፤ አትንኩት። እርጥብ ከሆነ ግን ሣሩን ከመንቀላችሁና ጭቃውን ከማፍረሳችሁ በፊት ውሃው ከየት እንደ መጣ ፈልጉ፤ መንገዱንም ዝጉበት። ሣሩና ጭዱ ለመቆየት የሚፈልጉት ደረቅ ሆነው ማደርን ብቻ ነው።